መንገዱ በማን በኩል ይሰፋል

ሦስት እግር ያለው ነገር ወይ በርጩማ ነው ወይ መዘዝ ነው። በርጩማ ቢሆን ይቀመጡበት ነበር። እነዚያ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ልጆች ግን ከደጄ ፊት ለፊት አቁመውት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በአንዱ አዩበት። የሚያዩት ደግሞ የኔን ግድግዳ ነው።

«ምን ጠፋብህ?» አልሁት አንደኛውን።

«መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ እማማ። ጥናት ላይ ነን።»

«መንገዱማ ያውና ከጀርባህ። ምነው ወደኔ ታያለህ?»

ሳቀ። የሚስቅ የመንግሥት ሰው አላምንም።

ቤቴ ከጎንደር ወደ ወለቃ በሚወስደው አስፋልት በላይኛው በኩል ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድንጋዩን እየጠረበ፣ እኔ ጭቃውን እየረገጥሁ ስንሠራው እዚህ ጎረቤታችን ጅብ ነበር። ዛሬ ከተማው እየገፋ መጥቶ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ትምህርት ቤቱም፣ ጋራዡም፣ ኮንዶሚኒየሙም ወደዚሁ መጥቷል። መንገዱ ብቻ ያው የድሮው ነው። አይሱዙና ባጃጅ፣ አህያና ተማሪ አንድ ላይ ይጋፋበታል።

ይህ መንገድ አንዲት ልጅ በልቶብኛል። ልጄ የትነበርሽ ጨው ልትገዛ በዚህ በር ወጣች። ልትሻገር ስትል አይሱዙ መጣ። ወጣች፤ አልተመለሰችም። ጡት ያልተወችውን ልጇን፣ ትርንጎን፣ እኔ አሳደግኋት። ስለዚህ መንገድ ሲወራ ፈገግ አልልም።

ትርንጎ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር። የጥናት ሰዎቹ ማኪና የሚቆጥሩ የሰፈር ልጆች ፈለጉና እሷም ሄደች። ሥራው ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ያለፈውን ማኪና ሁሉ በእስክሪብቶ እየጫሩ መዋል ነው።

«እኛ አገር ከብት እንኳ አይቆጠርም፤ ከቆጠሩት ያልቃል» አልኋት።

«ታዲያ አይሱዙ ቢያልቅ ምን ቸገረሽ፣ እምዬ?»

ምሳዋን ቋጥሬ ላክኋት።

የቆጣሪዎቹ አለቃ ያ የሳቀው ልጅ ነበር። ህሩይ ይባላል። የጎንደር የደብር ልጅ ነው፤ አባቱ መሪጌታ ናቸው አሉ። ድጓ ሊማር የተወለደ ልጅ አስፋልት ተማረ። ከደጄ ተቀምጬ ምስር እየለቀምሁ አየዋለሁ። ፀሐይ ስትዞር መጥቶ የትርንጎን ጃንጥላ ያዞርላታል። የሌሎቹን ጃንጥላ የሚያዞረው ነፋስ ነው።

አንድ ቀን ጥራጊ የምጥል መስዬ ቀረብ አልሁ።

«አሁን ያለፈውን ባጃጅ አልጻፍሽውም» ይላታል።

«አንተ ከፊቴ ቆመህ በየት በኩል ልየው?»

«ልሂድ?»

«ባጃጁ እንደሆነ አልፏል። አሁን ብትሄድ ምን ይጠቅማል?»

ሌላ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ መጣ፣ አለፈ፤ አንዳቸውም አልጻፉት። የመንግሥት ሥራ የሚበላሸው እንዲህ ነው አልሁ በሆዴ።

ውሃ ስጡኝ ብሎ መጣ። ሰጠሁት። ቆሞ ነው የጠጣ። እየጠጣ ዓይኑ በጣሳው ጠርዝ ላይ ተሻግሮ ግድግዳዬን ያያል።

«ቁጭ ብለህ ጠጣ።»

«እቸኩላለሁ፣ እማማ። የሰፈሩ ሰው መንገዱን የሚሻገረው በየት በኩል ነው?»

ጣሳውን ተቀበልሁት። «በዚያ» አልሁት፣ የትነበርሽ የወደቀችበትን ቦታ በአገጬ እያሳየሁ። ሌላ አልጨመርሁም። እሱም አልጠየቀኝም። ወደ ትርንጎ ብቻ አየ። ትርንጎ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

ነግራዋለች ማለት ነው። ይች ልጅ እናቷን ለማንም አታነሳም። ለኔ እንኳ አታነሳም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁ።

«ይህ ልጅ አንቺን አይደለም የሚያይ፣ ቤቱን ነው» አልኋት ማታ እራት ላይ።

«ቤቱ ምን አለውና?»

«መንገድ ዳር ነው።»

«እኔስ ምን አለኝና?» ብላ ሳቀች።

«አትሳቂ። ውሃ ሲጠጣ ግድግዳዬን ይለካል።»

«አንቺን ፈርቶ ነው፣ እምዬ። ዓይንሽን ላለማየት ነው።»

«መፍራቱስ ሸጋ ነው» አልሁ። ማመኑን ግን አላመንኋትም።

ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። መንገዱ ወይ በላይ በኩል ወይ በታች በኩል ይሰፋል፣ ገና አልተቆረጠም አሉን። በላይ ከሆነ የኔ ቤት ይነካል። በታች ከሆነ የአያ ባዬ መጋዘን። ባዬ ከመንገዱ ማዶ ብሎኬትና ሲሚንቶ ይሸጣል። የድሮ ጎረቤቴ ነው፤ ባለቤቴ ሲሞት ድንኳኑን ሲተክል ያደረ እሱ ነው። ያን ቀን ግን ድንኳኑን ረሳው።

«ምን ያልተቆረጠ ነገር አለ?» ብሎ ተነሣ። «መሐንዲሱ ውሃ የሚጠጣው ከላይ በኩል ነው። የጠጣበትን ቤት ያፈርሳል ብላችሁ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ተነሣሁ።

«አንተ ምን ልታጠጣው ኖሯል፣ ባዬ? ሲሚንቶ?»

ደግመው ሳቁ። ሳቁ ለአፌ እንጂ ለሆዴ አልሆነኝም። ህሩይ ከፊት ተቀምጦ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወረቀቱን ያያል።

ከዚያ በባዬ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ተገኘ።

ሰፈሩ ያን ቀይ ቀለም አይቶ ሰላምታውን አነሣብኝ። የማኅበር ጓደኞቼ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳያቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። አንዷማ «ሰው በልጁ ቤቱን ያተርፋል» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ድሃ ናት ቢሉኝ እችለዋለሁ፤ ምላሷ እሬት ነው ቢሉኝም እውነት ነው። ልጇን በግድግዳ ለወጠች መባልን ግን አልችልም።

ቀጥ ብዬ መንገድ ዳር ሄድሁ።

«ና ወዲህ» አልሁት ህሩይን። «መንገዱን ያጣመምኸው በልጄ ምክንያት ነው?»

«አልተጣመመም፣ እማማ። ቀዩ ቀለም የልክ ምልክት ነው፤ ይፍረስ ማለት አይደለም።»

«ቀለሙን አልጠየቅሁህም። እጅህ ወደ ታች የሄደው ለምንድን ነው?»

አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ሌላ ሰው ቢሆን ምሎ ተገዝቶ ይገላግለኝ ነበር። እሱ ዝም አለ። ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው ብዬ ነው ያደግሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ ውሃህን ከሌላ ቤት ጠጣ።»

ቤት ገብቼ ትርንጎን አስቀመጥኋት። «የዚህን ልጅ ስም በዚህ ቤት እንዳታነሺ። በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ።»

በእናቷ አጥንት ይዣት አላውቅም ነበር። ፊቷ ነጣ። «እሽ» አለች።

ህሩይ ጠፋ። ሰደርያ ለባሾቹ መጡ፣ እሱ የለም። ጃንጥላው አለ፣ የሚያዞረው የለም።

«አየሽ?» አልኋት። «ያ ሰውሽ የሚፈልገውን ለክቶ ሄደ።»

ቀና ብላ አየችኝ። የሆነ ነገር አፏ ላይ መጣና ዋጠችው። የተከዳች ሴት ታለቅሳለች። ይች አላለቀሰችም። አለማልቀሷንም ጠረጠርሁት።

በህሩይ ቦታ ሃና የምትባል መሐንዲስ መጣች። ሳቅ የማታውቅ፣ ሰላምታዋ አጭር። ይችስ ሰው ናት አልሁ። ችካሉን ነቅላ እንደገና ተከለች፣ ወንዙ አፋፍ ድረስ ወረደች፣ ወጣች። ውሃ ብሰጣትም የራሷን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠጣች።

ሁለተኛው ስብሰባ ተጠራ። ሃና ቆማ ነገረችን። በታች በኩል አፈሩ ወደ ወንዙ ይንሸራተታል፤ የከተማው ትልቁ የውሃ ቧንቧም በዚያ በኩል ነው ያለፈው። ስለዚህ መንገዱ በላይ በኩል ይሰፋል። የወይዘሮ እንኳየሁ የፊት ክፍል ከነ በሩ ይነሣል፣ ካሳ ይከፈላል፣ የኋላው ክፍል ይቀራል።

እንኳየሁ እኔ ነኝ። ተነሣሁ።

«ውሃዬን ጠጥቶ ቤቴን በላ» አልሁ። «ያ ህሩይ የተባለው። በልጄ ተጠግቶ፣ ግቢዬን ለክቶ፣ እኔ ባባርረው ቂሙን በዚህ ተወጣብኝ። የጠጣው ውሃ…»

«እማማ፣ አይርገሙት» አለች ሃና። «ይህን መስመር እሱ አላወጣም። ከዚህ ሥራ አንሱኝ ብሎ ከሄደ ቆየ። አሁን የሳንጃ መንገድ ሥራ ላይ ነው።»

«ሸሽቶ ነዋ።»

«አልሸሸም። መንገዱ ከሚነካቸው ቤቶች ካንዱ ልጅ ላገባ አስቤያለሁ ብሎ ለአለቃችን ተናገረ። የመጀመሪያውን መስመር በታች በኩል አውጥቶ ነበር። እጄ ለምን ወደ ታች እንደሄደ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው ይየው አለ።»

አዳራሹ ሁሉ ወደኔ ዞረ።

«ዝም ቢልስ ኖሮ?» አልሁ።

«ዝም ቢል ምናልባት ቤትዎ አይነካም ነበር።»

ይች ሴት ነገር ማለሳለስ አልፈጠረባትም። ተቀመጥሁ። ለካስ ያን ቀን መንገድ ዳር የጠየቅሁትን ጥያቄ ይዞት ሄዶ፣ እሱም ራሱን ጠይቆበታል። እኔ እሱን ጠረጠርሁት፣ ባዬ እኔን ጠረጠረኝ፤ ልጁ ደግሞ ከሁላችን ብሶ ራሱን ጠረጠረ። ባዬ ወንበሩ ላይ ቆቡን አውልቆ ያገላብጣል። ቀና ብሎ አላየኝም።

ቤት ስገባ ትርንጎ ሽሮ ታማስላለች።

«ታውቂ ነበር?»

ማማሰሉን አቆመች። «አውቅ ነበር።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«በእናቴ አጥንት ይዘሽኝ።»

ምጣድ ላይ የተቀመጥሁ ያህል ተቁነጠነጥሁ። እሷ ግን አልወቀሰችኝም። ሽሮው ሲንተከተክ ጎንበስ ብላ እሳቱን ቀነሰችው።

«ትወጂዋለሽ?»

«ስሙን ልጥራ?»

«ጥሪው። አንሥቼልሻለሁ።»

«ህሩይ» አለች።

እንዴት ብላ እንደጠራችው መናገር አልችልም። ብቻ ሌላ መልስ አልጠየቅኋትም። ሽሮው አረረ፤ አረረ ብዬም አልተቆጣሁ።

የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል፣ ጧት፣ ሁለት ሰዎች ደጄ ላይ ቆሙ። አንደኛው መቋሚያ የያዙ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው፤ የህሩይ አባት ባልንጀራ። ከኋላቸው ነጭ ጋቢ ለብሶ የቆመውን ሳይ ዓይኔን አሸሁ። ባዬ ነው።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? መጋዘንህ እንደሆነ ድኖልሃል።»

«ሽማግሌ ሆኜ ነው፣ እቴ።»

«ለማን?»

«ለልጁ። ሳንጃ ድረስ ሄጄ እኔ ራሴ ላከኝ አልሁት። ያን ነገር የተናገርሁት ሰው ፊት ነው። ስመልሰው ደጅሽ ቆሜ ይሁን ብዬ ነው።»

«እንግዲያስ እንደቆምህ ቆይ።»

«እኔስ ምን በደልሁ?» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎ ይቀመጡ፣ የኔታ።»

«ሽማግሌ እሽ ሳይባል አይቀመጥም።»

«እንዲያ ከሆነ እግርዎን ያጽናኑት። መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠር።»

መሪጌታ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው የልጁን ዘር ቆጠሩ። የአባት ወገን፣ የእናት ወገን፣ እየቆጠሩ እንፍራንዝ ደረሱ፣ ከእንፍራንዝም አለፉ። የኛ ዘር ከወገራ ነው። በየስሙ ላይ ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ፤ አንድ ስም ቢገናኝ ነገሩ ያበቃል። አልተገናኘም።

«እሽ» አልሁ። «ግን አንድ ነገር አለኝ። ልጄ ሙሽራ ሆና በዚህ በር ትወጣለች። መልሷንም በዚሁ በር ትገባለች። እናቷ ወጥታ ያልተመለሰችበት በር ነው። ይችን ወጥታ ስትመለስ ላያት ይገባኛል። ከዚያ ወዲያ ይውሰዱት።»

መሪጌታ ባዬን አዩት። ባዬ መሬት አየ።

«ጾሙ ሊገባ ነው» አሉ መሪጌታ። «ሠርጉ ከገና ወዲያ ነው።»

«ዶዘሩስ?»

«የገና ማግስት ይገባል ነው የሚሉት» አለ ባዬ ቀስ ብሎ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ሃና ዘንድ ሄድሁ። የቆርቆሮ ቢሮዋ ውስጥ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ካሳ ጨምሩ አላልሁም» አልኋት። «መስመሩን አዙሩ አላልሁም። የልጄ መልስ እስኪያልፍ በሬን ተዉልኝ።»

ወረቀቱ ላይ ጣቷን ከዳር እስከ ዳር አስኬደች።

«ዶዘሩ ከጎንደር ጫፍ መጀመር ግዱ አይደለም» አለች። «ከወለቃ ጫፍ ቢጀምር እርስዎ ጋ የሚደርስ ከጥምቀት በኋላ ነው። አለቃዬን አስፈቅዳለሁ።»

«ታዲያ በኔ ምክንያት መንገድ አጠፍሁ ብለሽ አንቺም ሳንጃ ልትሄጂ ነው?»

«መስመሩ አልታጠፈም፣ እማማ። የዘገየ ዶዘሩ ነው።»

ያን ጊዜ ጥርሷን አየሁት። የሚስቅ የመንግሥት ሰው አላምንም ብያለሁ። ያን ቀን ግን ለቀቅ አደረግሁት።

የሠርጉ ቀን ህሩይ ከሚዜዎቹ ጋር መጣ። ክራቫቱ አንቆታል፣ ላብ በላብ ሆኗል። ሚዜዎቹ ሲዘፍኑ እሱ የበሩን ጉበን ይዞ ቆመ፤ ልግባ አልግባ ይላል።

«ውሃ ልስጥህ?» አልሁት።

«ቁጭ ብዬ ልጠጣ?»

«ተቀመጥ።»

ተቀምጦ ጠጣ። ዓይኑን ከዓይኔ አላነሣም።

«ግድግዳውን ዛሬ አትለካውም?»

«ያን ጊዜም አልለካሁት፣ እማማ። እርስዎን ፈርቼ ነው።»

«ልጄም እንዲያ ብላኝ ነበር። አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ።»

«ሸጋ። እንዲያው ቆይልኝ።»

ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። ልጁ ጣሳውን ለኔ መስጠቱን ረስቶ ይዞት ቀረ። ከእጁ ላይ ነጥቄ ወሰድሁት፤ እሱ መወሰዱንም አላወቀ።

የሠርጉ ማኪኖች ከመንገዱ ማዶ ባዬ ግቢ ነው የቆሙት። በኛ በኩል መቆሚያ የለም። ሙሽራዋ መሻገር አለባት፤ በዚያው በቦታው። በሩ ላይ ቆምሁ። ባዬ ከማዶ ጋቢውን አውልቆ አስፋልቱ መሃል ገባና ዘርግቶ ያዘው። አይሱዙ ቆመ። ሚኒባስ ቆመ። ባጃጆቹ እያጉረመረሙ ቆሙ። ትርንጎ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ህሩይ ክንዷን ይዞ፣ ተሻገረች። ሴቱ ሁሉ እልል ሲል እኔ አላልሁም። ዓይኔ አይሱዙው ጎማ ላይ ነበር።

እልልታዬን ለመልሷ አስቀምጬው ነው። የመልሷ ቀን በዚያው በር ስትገባ፣ ማኅበርተኞቼ እስኪደነግጡ አወጣሁት። ወጣች፤ ተመለሰች። ጉበኑን በመዳፌ ነካሁትና በማግስቱ ለሃና «አሁን አምጡት» አልኋት።

ዶዘሩ ሳይደርስ የባዬ ሠራተኞች በሩን ከነመቃኑ ነቅለው ለኋላው ክፍል ገጠሙልኝ። ልክፈል ብል አልቀበልም አለ። «ዕዳ ነው» አለ። እኔም አልተከራከርሁት፤ ዕዳማ ነው።

አሁን መንገዱ ሰፍቷል። መሃሉ ላይ የእግረኛ መቆሚያ አለው፤ የትነበርሽ የወደቀችበት ቦታ ነጭ መስመር ተሰምሮበት የሰው መሻገሪያ ሆኗል። ህሩይና ትርንጎ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ። ትርንጎ ሆዷ ገፍቷል፤ እርምጃዋ ከብዷል።

«ነጩ መስመር ላይ ማኪናው ይቆማል፣ እማማ። አይፍሩ» ይለኛል ህሩይ።

እሱን አምኜዋለሁ። አይሱዙውን አላመንሁትም። ማዶ ሲታዩኝ በርጩማዬን ይዤ ደጅ እወጣለሁ። እሱ መሃል ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ እጁን ያነሣልኛል። አልመልስለትም። ተሻግረው፣ ደጄን ረግጠው፣ በዚያ በር እስኪገቡ ድረስ ዓይኔን ከጎማው ላይ አላነሣም።